የቤት ውሃና ማጣሪያው፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ሙቀቱ ሲበረታ የውሃ ጥያቄም አብሮ ይበዛል። በዚህ እትም የደረሱንን ደብዳቤዎች አሳጥረን፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሳቢያን ነው። ማንቆርቆሪያችን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነጭ ኖራ ይለብሳል። በቀደም አንድ የፊልተር ሻጭ ቤት ድረስ መጥቶ አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ ደግሞ ከራሱ ማሽን የወጣ ውሃ ጎን ለጎን አስቀመጠና ዘንግ ያለው መሣሪያ ኮረንቲ ላይ ሰክቶ ነከረባቸው። የእኛ ወዲያው ደፈረሰ፣ ቡናማ ሆነ፣ ዝቃጭ አወጣ። የእሱ ንጹህ እንደሆነ ቀረ። «የምትጠጡት ይኼን ነው» አለን። ባለቤቴ ደንግጣለች፣ ቶሎ እንግዛ ትላለች። እንግዛ? (አባወራ፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ ቀብድ ካልከፈሉ አይክፈሉ። ቡናማው ነገር ከውሃዎ የወጣ ቆሻሻ ሳይሆን የመሣሪያው ዘንግ ዝገት ነው። ከዘንጎቹ አንዱ ብረት ነው። ኮረንቲ በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ብረቱን እየበላ ወደ ውሃው ይለቀዋል፣ እሱም ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። ኮረንቲ የሚያልፈው ደግሞ ውሃው ጨውና ማዕድን ሲኖረው ነው። የሻጩ ማሽን ማዕድኑን ስላወጣው በእሱ ብርጭቆ ውስጥ ኮረንቲ አያልፍም፣ ብረቱም አይበላም።

ሰውዬው ተመልሶ ከመጣ ከራሱ ንጹህ ውሃ አንድ ብርጭቆ ይቅዱና በሁለት ጣት ቁንጥር የወጥ ጨው ጨምረው ያማስሉት። ከዚያ መሣሪያውን እንዲነክር ይጠይቁት። እንደ እርስዎ ውሃ ቡናማ ይሆናል። ማዕድን ያለው የታሸገ ውሃ ቢያመጡለትም ያው ነው።

ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው ካልሲየም ካርቦኔት፣ በአገርኛው ኖራ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ በኖራ ድንጋይና በደለል ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል። ሲፈላ ከፊሉ ተነጥሎ ብረቱ ላይ ይጋገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለኖራ ከጤና አንጻር ያወጣለት ገደብ የለም። የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ በሊትር 300 ሚሊግራም የሚለው በዋናነት ለጣዕሙና ለቧንቧው ብሎ ነው። ማንቆርቆሪያውን በአቼቶና በውሃ፣ እኩል በእኩል፣ አፍልተው ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ይለቃል። አቼቶ ከሌለ የአራት አምስት ሎሚ ጭማቂ ይበቃል።

ሻጮች የሚያሳዩት ሌላ መሣሪያ፣ ቁጥር የምታወጣው ብዕር የምትመስለው፣ ቲ.ዲ.ኤስ. ሜትር ትባላለች። እሷ አታታልልም፤ የሚያታልለው አተረጓጎሙ ነው። የምትለካው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን በጅምላ ነው፤ ደረጃው እስከ 1000 ይፈቅዳል። ምንም የማይጎዳው ኖራም፣ ከፍሳሽ የሚመጣውና ሕፃን የሚጎዳው ናይትሬትም እዚያው ቁጥር ውስጥ ተደባልቀው ይቆጠራሉ። ጀርም ግን ጭራሽ አይቆጠርም። አተት የሚያሲዝ ውሃና የተጣራ ውሃ እኩል 250 ሊያነቡ ይችላሉ።

ስለዚህ ማጣሪያ ከመምረጥዎ በፊት የሚያስቸግርዎ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፦ ጀርም፣ ኖራ ወይስ ናይትሬት። ለጀርም የሸክላ ሻማ (ውሃ በቀስታ የሚያልፍበት ሻማ መሰል የሸክላ ማጣሪያ)፣ ክሎሪን ወይም አልትራቫዮሌት መብራት ይሆናል። ለኖራ በጨው የሚታደስ ማለስለሻ አለ። ለናይትሬት በቤት ደረጃ አስተማማኙ አር.ኦ. የሚባለው፣ ውሃን በግፊት ሜምብሬን በሚሉት ስስ ወንፊት የሚያሳልፈው ማሽን ነው። አር.ኦ. ኖራንም ይቀንሳል፤ ግን ማንቆርቆሪያ ነጭ እንዳይሆን ብሎ አር.ኦ. መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የከሰል ካርትሪጅ ብቻውን የክሎሪን ሽታና ጣዕም ያነሳል እንጂ ከሦስቱ አንዱንም አይነካም።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ሕፃን አለኝ። በሐኪም ትዕዛዝ ዱቄት ወተት ጀምሬለታለሁ። ግቢያችን ውስጥ ጉድጓድ ስላለ ከእሱ ቀድቼ በደንብ አፈላዋለሁ፣ እንዲያውም ለጥንቃቄ ሁለቴ ነው የማፈላው። ጎረቤቴ ግን «የድሬ ጉድጓድ ለሕፃን አይሆንም» አለችኝ። እውነት ነው? (እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ጎረቤትሽ ልክ ናት። ከዛሬ ጀምሮ የዚያን ጉድጓድ ውሃ ለወተቱ አትጠቀሚ።

የሚያሰጋው ናይትሬት ነው። ከሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከፍሳሽና ከከብት እበት እየሰረገ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። ቀለም፣ ሽታም ጣዕምም የለውም። በድሬዳዋ ከርሰ ምድር ውስጥ በአንዳንድ ጉድጓዶች ከገደቡ በላይ ሆኖ ተለክቷል። ገደቡ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ላቦራቶሪው ውጤቱን «በናይትሮጅን» ከጻፈው ያው ገደብ 11 ይሆናል፤ ወረቀቱን ስታነቢ የትኛው እንደሆነ እይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መኖሪያ ግቢ ውስጥ የተቆፈረ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ የራስሽም የጎረቤትም ሽንት ቤት ቅርቡ ስለሆነ ከከተማው መስመር ይልቅ ያሰጋል።

ዱቄት ወተት የሚጠጣ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ናይትሬት ሲበዛበት ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ከንፈሩ፣ የጥፍሩ ሥርና ቆዳው ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ያደላል፣ ይደክማል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ይህን ካየሽ ውለሽ አትደሪ፤ በሰዓቱ ወደ ሆስፒታል ነው።

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን ያከማቻል። አስር ሊትር ውሃ ፈልቶ ዘጠኝ ቢቀር ናይትሬቱ ሁሉ ዘጠኙ ውስጥ ነው፣ በአስራ አንድ በመቶ ገደማ ወፍሯል ማለት ነው። ሁለቴ ማፍላት ጭራሽ ያብሳል። የሸክላ ሻማ፣ ከሰል፣ ክሎሪን፣ አልትራቫዮሌት አንዳቸውም አያወጡትም።

አሁኑኑ የምታደርጊው፦ ናይትሬቱ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈና ዝቅ ያለ የታሸገ ውሃ ምረጪ። የታሸገ ስለሆነ ከጀርም ነጻ ነው ብለሽ ግን አትቅጅው። አንድ ጊዜ ብቻ አፍይው፣ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ፣ ማለትም ከፈላ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ፣ ዱቄቱን በጥብጪበት፤ ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አብርጂ። ሰባ ዲግሪ ያስፈለገው ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ነጻ ስላልሆነ ነው። ጡት እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ እንደገና ማምጣት ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ውሃም አያስፈልገውም፣ በድሬ ሙቀትም ቢሆን። ጉድጓዱን አስለኪው፤ አወሳሰዱን መጨረሻ ላይ ለሌላ አንባቢ ጽፈነዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሻማ ያለው ባለ ሁለት ጋን የሸክላ ማጣሪያ አለን። ስንገዛው ማታ ሞልተን ጠዋት ሙሉ እናገኝ ነበር። አሁን አንድ ጀግ እንኳ አይሞላም። ሻጩ «ሻማው ሞቷል፣ ቀይሩት» ይላል። (ከለገሀሬ)

መልስ፦ አልሞተም ይሆናል። አንድ ሻማ በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ያህል ማንጠባጠብ አለበት። ሲዘገይ የዘጋው ከሁለት አንዱ ነው፦ ጭቃ ወይም ኖራ። ሻማውን ጣትዎ ላይ ይሹት። ቡናማና የሚያዳልጥ ከሆነ ጭቃ ነው፣ በብሩሽ ይለቃል። ነጭና ሸካራ ከሆነ ኖራ ነው። የድሬ ውሃ ሁለቱንም ያመጣል፣ ኖራው ግን በብሩሽ አይነቃነቅም። ሻጩ «ሞቷል» ያለውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ከላይኛው ጋን ሥር ያለውን ክንፋማ ብሎን ፈትተው ሻማውን ያውጡ። የተጣራ ውሃ የሚያልፍበት እግሩ ነውና ያልተጣራ ውሃ አይንካው፣ ሁልጊዜ ከፍ አድርገው ይያዙት። በንጹህ ለስላሳ ብሩሽ፣ ለዚሁ ብቻ የተገዛ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል፣ በክሎሪን የታከመ ውሃ እያፈሰሱ ዙሪያውን ይጥረጉ። ኦሞና ሳሙና ክልክል ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አይወጣም። የብረት ሽቦም ክልክል ነው።

ለኖራው አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለው፣ እግሩ ከውሃው በላይ እንዲቆም አድርገው አንድ ሁለት ሰዓት ይንከሩት፣ ከዚያ እንደገና ይቦርሹት። መልሰው ሲገጥሙ የመጀመሪያውን ሁለት ሙሌት ይድፉት። ሆዱ ውስጥ ከሰል ያለው ሻማ ከሆነ ማፍላት አይቻልም። በፈላ ውሃ ደግሞ ማንኛውንም ሻማ አይሙሉት፣ ውሃው ይቀዝቅዝ፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል።

ሰው ሻማው ሲዘገይ ይጨነቃል፤ መጨነቅ የሚገባው ግን ሳያጸዱት በድንገት ሲፈጥን ነው። ያ ማለት ሻማው ተሰንጥቋል ወይም ከእግሩ ሥር ያለው ጎሚኒ፣ የጎማ ቀለበቱ፣ ሳይገጥም ቀርቶ ውሃው ሳይጣራ በጎን እያለፈ ነው። ለመፈተሽ የረጠበውን ሻማ ንጹህ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አስጥመው በእግሩ በኩል፣ ንጹህ ቀጭን ቱቦ ገጥመው፣ በቀስታ ይንፉ። ከአንድ ነጥብ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ ስንጥቅ አለው፣ ይጣል። ምንም ካልወጣ ደህና ነው። ጎሚኒው ከላይኛው ጋን ውስጠኛ ገጽ ጋር ልክክ ብሎ መቀመጡን፣ አለመድረቁን፣ አለመታጠፉን ይዩ። ዋጋው ከሻማው ጋር የሚወዳደር አይደለምና ጥርጣሬ ካለዎት ይቀይሩት።

ሻማው ባክቴሪያና የአንጀት ጥገኛ ትሎች እንቁላል ይይዛል። ቫይረስ ግን ከቀዳዳው ያነሰ ስለሆነ ያልፋል። አተት ወይም የጉበት በሽታ ወሬ ባለበት ሰሞን በታችኛው ጋን ውስጥ ባለው የተጣራ ውሃ ላይ ክሎሪን ይጨምሩ። ከላይ ከጨመሩ ከሰሉ ይበላዋል። የታችኛውን ጋንና ቧንቧውን በየሳምንቱ ይጠቡ፤ ብዙ ቤት ሻማው እየታጠበ ቧንቧው ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ተሠርቶ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው ቤታችን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ሙሉ እናጠራቅማለን። ትልልቆቹ የድሮው ውሃ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። በበረኪና ማከም ይቻላል? ስንት? (ከሐረር)

መልስ፦ ትልልቆቹ ያስታወሱት እውነት ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ሐረር ከጉድጓድ ውሃ ጋር ነው የምትኖረው፤ ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ እየተገፋ የሚመጣም አለበት። የሐይቅ ውሃና የጉድጓድ ውሃ በኖራም በጣዕምም አንድ አይደሉም።

የእናንተ ዋና ጣጣ ግን ፈረቃው ነው። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲቆይ በየስንጥቁ ከውጭ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውሃው ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው ያ ነው። የመጀመሪያውን ሦስት አራት ባልዲ፣ ውሃው እስኪጠራ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ለይታችሁ ያዙ። ለመጠጥ የሚሆነውን ከዚያ በኋላ ቅዱ።

በረኪና ይቻላል፣ ሽቶና ቀለም የሌለው ከሆነና ጥንካሬው ላዩ ላይ ከተጻፈ። 5 በመቶ የሚል ከሆነ ልኩ ይኸው፦ ለጠራ ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን 0.8 ሚሊሊትር፣ አስራ ስድስት ጠብታ ገደማ፤ በ200 ሊትር በርሜል 8 ሚሊሊትር። ከመድኃኒት ቤት አስር ሚሊ ሲሪንጅ ያለ መርፌ ገዝታችሁ በእሱ ለኩ፣ በክዳን ግምት አይሆንም። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ አንድ ሌሊት አስተኝታችሁ፣ ከላይ ያለውን በአራት እጥፍ ነጠላ አጥልላችሁ፣ መጠኑን እጥፍ አድርጉት። አማስላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ብርጭቆውን ስታሸቱት ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ መኖር አለበት። ከሌለ ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ ድገሙና ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አሁንም ከሌለ ውሃው ቆሻሻ በዝቶበታል ወይም በረኪናው ሞቷል። በረኪና በሙቀት ጉልበቱ ይረግፋል፤ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ከተደረደረው አትግዙ፣ ከተከፈተ የከረመውንም ለመጠጥ አትመኑት።

ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ካገኛችሁ ከበረኪና ይሻላል፣ መጠኑ ለዚሁ ተብሎ ተመጥኗል። ከበረኪና በጣም የቀጠነ ስለሆነ ግን ከላይ ያለው ጠብታ አይሠራለትም፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው በክዳኑ ለኩ። ቢሻንጋሪ የሚባለው ማከሚያ ዱቄት ደግሞ ለደፈረሰ ውሃ ነው። ዱቄቱ ጭቃውን ሰብስቦ ያዘቅጠዋል፣ ጀርሙንም ይገድላል፤ ዝቃጩ በጨርቅ ተጣርቶ ሽንት ቤት ይደፋል።

ስለ በርሜሉ፦ የዛገ ብረት ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ደግሞ ምንም ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ክዳን ያለው፣ ከሥሩ ቧንቧ የተገጠመለት የምግብ ፕላስቲክ ይሁን። ጣሳ እየነከሩ መቅዳት የጠዋቱን ክሎሪን ማታ ላይ ባዶ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ባለ አምስት ደረጃ አር.ኦ. አስገጥሜያለሁ። ውሃው የሚገባው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው። ሦስት ችግር አለብኝ፦ የሚጣለው ውሃ ከሚጠጣው በጣም ይበዛል፣ ጋኑ ከሞላ በኋላም ፍሳሹ አይቆምም፣ ቲ.ዲ.ኤስ. ደግሞ መጀመሪያ 40 የነበረው አሁን 150 ሆኗል። የሚገባው 850 ነው። (ከከዚራ)

መልስ፦ ከግፊቱ እንጀምር። ቤት ውስጥ የሚገጠም አር.ኦ. በደንብ ለመሥራት ከ3 እስከ 4 ባር ይፈልጋል። ውሃ በየአስር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ብቻ ነው። ሮቶዎ ከማሽኑ ሦስት ሜትር ከፍ ቢል 0.3 ባር ነው ያለዎት፣ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ የግፊት ፓምፕ መኖር አለበት። ካለ፣ ከሜምብሬኑ በፊት ባለው መስመር ላይ መለኪያ አስገጥመው ሲሠራ ከ4 በላይ ማንበቡን ይዩ።

የሚጣለው ውሃ መብዛቱ ብልሽት አይደለም። ለአንድ ሊትር ንጹህ ሦስት ሊትር ገደማ መጣሉ በዚህ ዓይነት ማሽን የተለመደ ነው። እዚህ ከተማ ውሃ ውድ ስለሆነ ያስቆጫል፣ ያ ይገባናል። ብዙ ሰው የፍሳሹን ቱቦ አንቆ ወይም ቀጭን መቆጣጠሪያ ቀይሮ «አተርፋለሁ» ይላል። እንዲህ ሲደረግ ኖራው ሜምብሬኑ ላይ ወፍሮ ይጋገርና በወራት ይዘጋዋል። አምራቾች ለቤት ሜምብሬን በሊትር ከ170 ሚሊግራም በላይ ኖራ ያለበት ውሃ ቀድሞ ይለስልስ ይላሉ። ባይለሰልስም ቢያንስ ፍሳሹን አይንኩት። ይልቅ ቱቦውን ጀሪካን ውስጥ አስገብተው ለወለል፣ ለሽንት ቤት፣ ለመኪና ይጠቀሙበት። ለተክል ግን ደጋግመው አያጠጡበት፣ ጨው ነው የሚያከማቹለት።

ፍሳሹ የማይቆመው በሌላ ምክንያት ነው። ጋኑ ሲሞላ ጠብቀው ወደ ማሽኑ የሚገባውን ውሃ ይዝጉና ፓምፑን ይንቀሉ። ከዚያ በኋላም ከፍሳሹ ቱቦ መውረዱ ከቀጠለ፣ ከጋኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ውሃ ነው፤ ከሜምብሬኑ መውጫ ላይ ያለችው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትከለክለው ቫልቭ ተበላሽታለች። ትንሽ ክፍል ናት፣ ተፈትታ ትቀየራለች፤ ቴፍሎን ሲጠቀልሉ ጫፉ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፣ እሱም ራሱ ቫልቯን ክፍት አድርጎ ይይዛታል። መውረዱ ወዲያው ከቆመ ግን ጥፋቱ መግቢያውን በሚዘጋው ቫልቭ ወይም ፓምፑን በሚያጠፋው የግፊት ማብሪያ ላይ ነው። የጋኑ አየርም ይታይ፦ ባዶ ሲሆን 0.5 ባር ገደማ መሆን አለበት፣ በጎማ መለኪያ ይለካል።

ቁጥሩ ከ850 ወደ 150 ሲወርድ ሜምብሬኑ 82 በመቶ እያጣራ ነው፤ መጀመሪያ 95 ነበር። ከ80 ሲወርድ ይቀየራል። ከመቀየርዎ በፊት ግን የለኩበትን ሰዓት ያስቡ። ፀሐይ የዋለበት ጥቁር ሮቶ ቀትር ላይ እጅ የሚፈጅ ውሃ ነው የሚሰጠው። ውሃው ሲሞቅ ሜምብሬኑ ቶሎ ያሳልፋል፣ ጨውም አብሮ ያልፋል። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች የተሠሩት እስከ 38 ዲግሪ ለሚደርስ ውሃ ነው። ማለዳ ላይ፣ ጋኑን ባዶ አድርገው፣ ከሩብ ሰዓት ሥራ በኋላ እንደገና ይለኩ። ማለዳ 60፣ ቀትር 150 ከሆነ መቀየር ያለበት ሜምብሬኑ ሳይሆን የሮቶው ጥላ ነው። ቆርቆሮ ያልብሱት፣ ወይም ለማሽኑ ብቻ ከመሬት ሮቶ መስመር ይሳቡ።

ማሽኑን ለናይትሬት ብለው ከገዙት ደግሞ ቲ.ዲ.ኤስ. ሜትር አይበቃም። ሜምብሬን ናይትሬትን ከሌላው ጨው ባነሰ መጠን ነው የሚይዘው። የወጣውን ውሃ በናይትሬት ወረቀት ወይም በላቦራቶሪ ያስለኩ።

የ5 ማይክሮኑ የደለል ካርትሪጅ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ከሰሉ በየስድስት ወሩ ይቀየር። ከሰሉ ካለቀ ክሎሪኑ አልፎ ሜምብሬኑን ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለ ሜምብሬን በአቼቶም በምንም አይመለስም። ገና ልትገዙ ያላችሁ፣ የካርትሪጁ ማቀፊያ ቤት ባለ 10 ኢንች መደበኛ ልክ ይሁን፣ መለዋወጫው ታይዋን ገበያም ሌላ ቦታም ይገኛል። በአንድ ሻጭ እጅ ብቻ ያለ የራሱ ቅርጽ ያለው ካርትሪጅ ሻጩ የጠፋ ቀን ማሽኑን ጌጥ ያደርገዋል። ሳጥኑ ላይ ኤን.ኤስ.ኤፍ. 58 የሚል የፈተና ደረጃ ምልክት የአር.ኦ. ነው። 42 ብቻ የሚል ከሆነ የተፈተነው ለጣዕምና ለሽታ ነው።

ጥያቄ፦ የድሬ ውሃ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል ይባላል። እውነት ነው? (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ ኖራው ጠጠር ለማምጣቱ አሳማኝ ማስረጃ የለም። እንዲያውም ከምግብ ጋር የገባ ካልሲየም ጠጠር የሚሠራውን ኦክሳሌት አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣል። ድሬ ላይ ዋናው መንስኤ ሙቀቱ ነው፦ በላብ ብዙ ውሃ ይወጣል፣ የሚጠጣው ያንሳል፣ ሽንቱ ይወፍራል። ሽንትዎ ወደ ነጭ እስኪጠጋ ይጠጡ፣ ጨው ይቀንሱ። አንድ ጊዜ ጠጠር የወጣለት ሰው ዓይነቱን አስመርምሮ የሐኪሙን ምክር ይከተል።

ጥያቄ፦ ደም ግፊት አለብኝ። ልጆቼ ለሻወሩ ብለው በጨው የሚሠራ ማለስለሻ ሊያስገቡ ነው። ይጎዳኛል? (ከነምበር ዋን)

መልስ፦ ለሻወርና ለልብስ ይግባ፣ ለመጠጥ አይሁን። ማለስለሻው ኖራውን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል። በሊትር 100 ሚሊግራም ኖራ ሲወጣ 46 ሚሊግራም ሶዲየም ይገባል። ውሃችሁ 400 ከሆነ በሊትር 184 ይሆናል፤ በቀን ሦስት ሊትር ለሚጠጣ ሰው ከ550 ያልፋል። የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ቧንቧ ከማለስለሻው በፊት እንዲነጥሉት ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ ሲገጠም ከሆነ አንድ ቲ፣ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጥያቄ፦ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጀርም ይገድላል የሚባለው ልክ ነው? ፕላስቲኩስ? (ተማሪ፣ ከመልካ ጀብዱ)

መልስ፦ ልክ ነው፣ እንደ ድሬ ያለ ፀሐይ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ከሁለት ሊትር ያልበለጠ፣ ቀለም የሌለው፣ ያልተቧጨረ ጠርሙስ ወስደሽ ወረቀቱን ላጪው። ውሃው ጥርት ያለ ይሁን፤ ጠርሙሱን ጋዜጣ ላይ አቁመሽ ከላይ ስታዪ ርዕሱ ካልተነበበ መጀመሪያ አጥልይው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አጋድመሽ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይምታው። ሰማዩ ግማሹ ከደመነ ሁለት ቀን ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ጠርሙስ፣ የ20 ሊትር የቢሮ ጋንም አይሆኑም፣ የሚገድለውን ጨረር ይከለክላሉ። የሃይላንዱ ፕላስቲክ ፔት ይባላል፣ ቢስፌኖል የሚሉት ኬሚካል የለበትም። ናይትሬትና ኖራ ግን በዚህ አይነኩም።

ጥያቄ፦ ውሃዬን ላስለካ ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ ልጠይቅ? በምን ልውሰድ? (ከጎሮ)

መልስ፦ መጀመሪያ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ወይም ጤና ቢሮ ሄደው የትኛውን ምርመራ የት እንደሚሠሩ ይጠይቁ። «ውሃዬ ጥሩ ነው ወይ» አይበሉ። ኢ. ኮላይ (ሰገራ መግባቱን የሚጠቁም ጀርም)፣ ናይትሬት፣ ፍሎራይድ፣ ጠቅላላ ኖራና ቲ.ዲ.ኤስ. ብለው በስም ይዘዙ። ኢ. ኮላይ በ100 ሚሊሊትር ዜሮ፣ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። ነጻ ክሎሪን እዚያው ቤት በወረቀት ይለካል፣ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ጥሩ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ሲጓዝ ይጠፋል።

ለጀርም የሚሆነውን ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ይቀበሉ። ውስጡ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ዱቄት አለበት፣ እንዳያለቀልቁት። የቧንቧውን አፍ በአልኮል ጠርገው ሁለት ሦስት ደቂቃ ያፍስሱ፣ ክዳኑን ሳያስቀምጡ ይቅዱ፣ ከላይ ትንሽ አየር ይተዉ። በበረዶ ሳጥን ይዘው ከስድስት ሰዓት ሳያልፍ ያድርሱ። ለናይትሬትና ለቀሪው ንጹህ የአንድ ሊትር ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስቴ አለቅልቀው ይሙሉ። ጊዜው ከዝናብ በኋላ፣ በተለይ የደቻቱ ወንዝ ከሞላ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ ነው ውሃው የሚበላሸው።

ናሙናው ሁለት ይሁን፦ አንዱ በቀጥታ ከመስመሩ፣ ሮቶ ሳይገባ፤ ሌላው ከወጥ ቤቱ ቧንቧ። መስመሩ ንጹህ ሆኖ ወጥ ቤቱ ኢ. ኮላይ ካለው ጥፋተኛው ሮቶው ነውና ማጣሪያ ለመግዛት አይሩጡ። ሮቶውን አጉድለው ዝቃጩን ጠርገው ያውጡ፣ እንደገና ይሙሉ፣ ለ1000 ሊትር አንድ ሊትር 5 በመቶ በረኪና ይጨምሩ። በየቧንቧው የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍተው ይዝጉና አንድ ሌሊት ይተዉት፤ በዚያ ሌሊት ማንም እንዳይጠጣ ለቤተሰቡ ይንገሩ። ጠዋት ሁሉንም ደፍተው አንዴ አለቅልቀው ይሙሉት። ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ፣ የትርፍ ውሃ መውጫውም ወንፊት ከሌለው፣ ወፍና እንሽላሊት በወሩ ተመልሰው ይገባሉ፤ ሽቦ ወንፊቱን በዚያው ቀን ይሰሩለት።